ሸርጣኗ የምትመሰክረው

ከዋሽንግተን ዲሲ ተነሥቶ በአውራ ጎዳና ቁጥር 50 ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ሰው፣ መንገዱ ካልተጨናነቀበት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከቼሳፒክ ቤይ ዳርቻ ይደርሳል። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ሥፍራ በሚገባ ያውቁታል። በሞቃቱ ወራት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳንዲ ፖይንት በተባለው መናፈሻ ብትገኙ፣ ከአንዱ ዛፍ ሥር ስፓኒሽ፣ ከሌላው ሥር አማርኛ ትሰማላችሁ። ከከሰሉ ላይ የጥብስ ሽታ ይነሣል፤ ልጆች በአሸዋው ላይ ይሯሯጣሉ፤ እናቶች ቡናውን ከቴርሞስ ይቀዳሉ። ከራስ በላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1952 ለትራፊክ የተከፈተው ወደ 7 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ድልድይ ማዶውን ፍለጋ በውኃው ላይ ተዘርግቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባለቤቴ ለአገልግሎት ተጋብዞ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በሰነበትንባቸው ሳምንታት ያስተናገዱን ባልና ሚስት ወደዚህ ዳርቻ ወሰዱን። "እትዬ፣ ባሕሩን ሳታዪ አትሄጂም" አለችኝ እኅት። በኋላ እንደተረዳሁት ግን ቼሳፒክ ባሕር አይደለም፤ ወንዝም አይደለም። ሁለቱ የሚቀላቀሉበት ባሕረ ሰላጤ ነው። ከሰሜን የሚመጣው ሳስኩዌሃና የተባለው ወንዝ ከሚገባው ጨው አልባ ውኃ ግማሽ ያህሉን ያመጣል፤ ፖቶማክ፣ ጄምስና ሌሎችም ወንዞች የቀረውን ይጨምራሉ። ከደቡብ ደግሞ አትላንቲክ ውቅያኖስ በማዕበል ጨዋማውን ውኃ ይገፋል። ስለዚህ ወደ ላይኛው ጫፍ ውኃው ሊጠጣ እስኪችል ድረስ ጨው አልባ ነው፤ ወደ አፉ ሲቃረብ እንደ ውቅያኖስ ይከርራል። ርዝመቱ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ግን በአማካይ ከሰባት ሜትር አይበልጥም። የሰፊ ገበታ ያህል ነው ማለት ይቻላል፤ ሰፊ ግን ጥልቀት የሌለው።

ወደዚህ ገበታ የሚፈስሰው ውኃ የሚሰበሰበው ከስድስት ክፍላተ አገርና ከዋና ከተማዋ ነው። ከኒው ዮርክ እርሻ እስከ ቨርጂኒያ ተራራ ድረስ 18 ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ ይኖርበታል። እነዚህ ሁሉ ሰዎች የሚያፈስሱት፣ የሚጥሉት፣ በእርሻቸው የሚበትኑት ነገር ውሎ አድሮ እዚህ ይወርዳል። ታዲያ ይህን ያህል ውኃ ጤነኛ ይሁን በሽተኛ በምን ይታወቃል? በጠርሙስ ቀድቶ መመርመር አንድ መንገድ ነው። ጠርሙሱ ግን የሚናገረው ስለዚያች ደቂቃ ብቻ ነው፤ ትናንት የፈሰሰውን መርዝ ዛሬ ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሊቃውንቱ በውኃው ውስጥ ውሎ የሚያድር፣ ከውኃው የሚበላ፣ የበላውንም በሥጋው የሚያስቀር ምስክር ይፈልጋሉ። በቼሳፒክ ከእነዚህ ምስክሮች አንዷ ሸርጣን ናት።

መልከ መልካሟ ዋናተኛ

የቼሳፒክ ሸርጣን ሰማያዊ ሸርጣን ትባላለች። መቆንጠጫዎቿ በእርግጥም ሰማያዊ ናቸው፤ የሴቷ ደግሞ ጫፋቸው ቀይ ነው፤ ጥፍሯን ቀለም የተቀባች ይመስላል። የሳይንስ ስሟን ሜሪ ራትበን የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1896 ሰጧት፤ ካሊኔክቴስ ሳፒዱስ። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ከተማርኳት ግሪክ የቀረችኝ ትንሽ ብትሆንም "ካሎስ" መልካም፣ ውብ ማለት እንደሆነ አልረሳሁም፤ "ኔክቴስ" ደግሞ ዋናተኛ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ላቲን "ጣፋጭ" ይላል። እንግዲህ ውብ ዋናተኛ ብሎ አመስግኖ፣ ወዲያው ጣፋጭ ናት ብሎ ወደ ድስት መላክ የሰው ልጅ ጠባይ ነው።

ወንዱን ከሴቷ ለመለየት ገልብጦ ሆዷን ማየት ነው። አስተናጋጃችን ወንድም ይህን ያስተማረን በሳቅ ነበር። በወንዱ ሆድ ላይ ያለው ክዳን ቀጭንና ረዥም ነው፤ የዋሽንግተንን ሐውልት ይመስላል። ለአቅመ ሔዋን የደረሰችው የሴቷ ክዳን ግን ሰፊና ክብ ነው፤ የካፒቶልን ጉልላት ቁርጥ! የሜሪላንድ ሰዎች ለልጆቻቸው የሚያስተምሩት እንዲህ አድርገው ነው። ትምህርቱ ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በሜሪላንድ ለመዝናናት ሸርጣን የሚያጠምድ ሰው ጉልላት ያላትን ሁሉ ወደ ውኃው እንዲመልስ ሕግ ያስገድደዋል።

ምክንያቱም የሴቷ ጉዞ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጨው ባነሰበት የላይኛው ውኃ ከወንዱ ጋር ትገናኛለች። ከዚያም ረዥሙን መንገድ ተጉዛ ወደ ባሕረ ሰላጤው አፍ ትወርዳለች። እዚያ በሆዷ ሥር እንደ ስፖንጅ ያበጠ፣ ሁለት ሚሊዮን ያህል እንቁላል ተሸክማ ትታያለች። የተፈለፈሉት ደቃቅ ልጆች ወደ ውቅያኖስ ይወሰዳሉ፤ በዚያ አድገው በማዕበልና በነፋስ ተገፍተው ይመለሳሉ። ከሁለት ሚሊዮኑ ለአዋቂነት የሚደርሱት እፍኝ አይሞሉም። ወንዱ ግን እንደ ሴቷ ሩቅ አይሄድም፤ በወንዞቹ አፍና በላይኛው ውኃ መቆየት ይወዳል። ይህን ልዩነት አንባቢ ያዝ ያድርግልኝ፤ ወደ በኋላ ያስፈልገናል።

ለምን ሸርጣን?

ሸርጣን ከውኃው ወለል፣ ከደለሉ ላይ የምትኖር ፍጥረት ናት። ከባድ ብረትም ሆነ የኬሚካል ዝቃጭ ከወንዝ ሲመጣ በመጨረሻ የሚያርፈው ከዚያው ደለል ላይ ነው። እርሷም በክረምት ጭቃው ውስጥ ተቀብራ ትከርማለች፤ ሲሞቅ ወጥታ ያገኘችውን ትበላለች። ዛጎል ለበስ እንስሳትን፣ ትሎችን፣ የሞተ ዓሣን፣ ካጣችም የገዛ ወገኗን። የበሉትም የበላቸውን ሁሉ በሥጋቸው ይዘው ስለሚመጡ፣ መርዙ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ እርሷ ዘንድ ተከማችቶ ይገኛል። በስንጥቦቿ በኩልም ውኃው ያለማቋረጥ ያልፋል። ዕድሜዋ ቢበዛ ሦስት ዓመት ያህል ስለሆነ የምትናገረው ስለ ቅርብ ጊዜ ነው፤ የአያት ታሪክ አታመጣም።

በውስጧ ጉበትም ቆሽትም ሆኖ የሚያገለግል ቢጫማ ክፍል አለ። የሜሪላንድ ሰዎች ቀለሙን አይተው "ሰናፍጭ" ይሉታል። በስብ ውስጥ የሚቀልጡ ኬሚካሎች የሚጠራቀሙት እዚያ ነው። መርማሪ ሸርጣኗን ሲከፍት አስቀድሞ የሚያየው ይህንኑ ነው።

ይሁን እንጂ ምስክርነቷ በሁሉም ነገር እኩል አይታመንም። የእኛ ደም ብረት እንደሚሸከም የእርሷ ደም መዳብ ይሸከማል፤ ስለዚህ መዳብ በሥጋዋ መገኘቱ ብቻውን ውኃው ተበክሏል አያሰኝም። ሰውነቷ ራሱ ይፈልገዋል፤ መጠኑንም ይቆጣጠራል። ሜርኩሪና ካድሚየም ግን የሰውነቷ ፍላጎት አይደሉም፤ ሲገኙ ከውጭ መጥተዋል። ሌላው ችግር መንገደኛነቷ ነው። ከአፉ አካባቢ የተያዘች ሴት ሸርጣን መርዙን ከየትኛው ወንዝ እንደተሸከመች ማን ያውቃል? ስለዚህ ከቦታቸው የማይነቃነቁትን ኦይስተርን የመሳሰሉ ዛጎል ለበሶች ጎን ለጎን ይመረምራሉ። ምስክር ሁለትና ሦስት ሲሆን ነገር ይጸናል የሚለው ሕግ በላቦራቶሪም ይሠራል ማለት ነው።

የጄምስ ወንዝ ነገር

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ከባሕረ ሰላጤው በስተ ደቡብ፣ ወደ ጄምስ ወንዝ የሚወስደው ታሪክ ነው። በቨርጂኒያ ሆፕዌል በምትባል የፋብሪካ ከተማ፣ ቀድሞ ነዳጅ ማደያ በነበረ ሕንፃ ውስጥ በ1974 አንድ ድርጅት ኬፖን የተባለ ፀረ ተባይ ማምረት ጀመረ። ድርጅቱ ላይፍ ሳይንስ ፕሮዳክትስ ይባላል፤ ስሙ ስለ ሕይወት ያወራል። ሥራውን ያገኘው ከአላይድ ኬሚካል ነበር፤ አላይድ ራሱም ከ1966 ጀምሮ በዚያችው ከተማ ኬፖንን ሲሠራ ቆይቷል። ሠራተኞቹ በነጭ ዱቄት ውስጥ ነበር የሚውሉት። ምሳቸውንም በዚያው አቧራ መካከል ይበሉ ነበር፤ ልብሳቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው፣ ወደ ሚስቶቻቸውና ወደ ልጆቻቸው ይገቡ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዐይናቸው ተቅበዘበዘ፤ ደረታቸውን አመማቸው፤ አንዳንዶቹም መውለድ እንደማይችሉ ተረዱ። በ1975 ዪ-ናን ቹ የተባሉ ከታይዋን የመጡ ሐኪም ከእነዚህ ሠራተኞች የአንዱን ደም ወስደው በአትላንታ ወደሚገኘው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ላኩ። በደሙ ውስጥ የተገኘው የኬፖን መጠን እጅግ ከፍተኛ ነበር። በዚያው ዓመት በሐምሌ ፋብሪካው ተዘጋ። ከ70 በላይ ሰዎች ተጎድተው ተገኙ። ሐኪሙ ነገሩን "ድካም ነው፣ ጭንቀት ነው" ብለው አልፈውት ቢሆን ኖሮ ስንቱ ይጨመር እንደነበር ማሰብ ያስፈራል። በባዕድ አገር በሕክምና ሥራ ላይ የተሰማሩ እኅቶችና ወንድሞች ስላሉን ይህችን ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልፈለግሁም።

የፋብሪካው እጣቢ ግን ቀድሞ ወጥቶ ነበር። በከተማው የፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ገድሎ፣ ከዚያ ወደ ጄምስ ወንዝ ገብቷል። ዓሣውና ሸርጣኑ ሲመረመር ኬፖን ተገኘበት። በታኅሣሥ 1975 አገረ ገዢው ሚልስ ጎድዊን ከሪችመንድ ጀምሮ እስከ ባሕረ ሰላጤው ድረስ ወንዙ ለማጥመድ እንዲዘጋ አዘዙ። መቶ ማይል ያህል ውኃ! ከአባት ከአያት ጀምሮ በዚያ ወንዝ ያደሩ ቤተ ሰቦች ጀልባቸውን አሰሩ። እገዳው ቀስ በቀስ እየላላ ሄዶ ሙሉ በሙሉ የተነሣው በ1988 ነው፤ ከ13 ዓመት በኋላ። በመካከሉ አላይድ በ1976 በፌዴራል ፍርድ ቤት ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተቀጣ፤ ከዚያ ላይ 8 ሚሊዮኑ ለቨርጂኒያ የአካባቢ ጥበቃ የሚውል ተቋም መመሥረቻ እንዲሆን ተደረገ።

ሊቃውንቱ በጄምስ ወንዝ ሸርጣኖች ላይ ያስተዋሉት አንድ ነገር አለ። በወንዱ ሥጋ የተገኘው ኬፖን በሴቷ ከተገኘው ይበልጥ ነበር። አንደኛው ምክንያት ቀደም ብዬ አደራ ያልኳችሁ ነው፤ ወንዱ ከወንዙ ብዙም አይርቅም። ሁለተኛው ግን ከበድ ይላል። ሴቷ እንቁላሏን በምትጥልበት ጊዜ ከመርዙ ከፊሉን ከእንቁላሉ ጋር አብራ ታስወጣለች። እርሷ ትቀልላለች፤ መርዙ ወደ ልጆቿ ይሻገራል። ይህን የነገረኝን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ መጽሐፉን አጥፌ ጥቂት ተቀመጥኩ። እናት የሆነች ሁሉ ለምን እንደሆነ ይገባታል።

ኬፖን ከወንዙ ተጠርጎ አልወጣም። ዓመት በዓመት አዲስ ደለል እየተከመረበት ተቀበረ እንጂ። ከአሜሪካም ውጭ ታሪኩ ቀጥሏል። በካሪቢያን ባሕር ባሉት የፈረንሳይ ደሴቶች፣ በማርቲኒክና በጓድሎፕ፣ ያው ኬሚካል ክሎርዴኮን በሚል ስም እስከ 1993 ድረስ በሙዝ እርሻ ላይ ይረጭ ነበር። ዛሬ በእነዚያ ደሴቶች ከአዋቂዎቹ ነዋሪዎች ከመቶ ዘጠና በሚበልጡት ደም ውስጥ ይገኛል። በደሴቶቹ ሸርጣን የፋሲካ በዓል ምግብ ነው፤ እኛ ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት እንደምንከትፈው እነርሱ ለትንሣኤ ማግስት ሸርጣን በቅመም ይሠራሉ። ከተበከሉ ቦታዎች የሚያዝ ሸርጣን ግን አደጋ ሆኖባቸዋል፤ በአንዳንድ አካባቢዎች ማጥመድ ተከልክሏል።

"መጥፎው ውኃ"

ወደ ቼሳፒክ እንመለስ። የፋብሪካ መርዝ እንደ ኬፖን በአንድ ቦታ ፈነዳ ብሎ የሚታይ ጉዳት ነው። የዕለት ተዕለቱ ጠላት ግን ማንም መርዝ የማይለው ነገር ነው፤ ማዳበሪያ፣ የከብትና የዶሮ ፍግ፣ የሰው ፍሳሽ። በእነዚህ ውስጥ ያሉት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በዝናብ ታጥበው ወደ ውኃው ይገባሉ። እርሻን እንደሚያለመልሙ ሁሉ አልጌ የተባለውን ደቃቅ የውኃ ተክልም ያለመልማሉ። ውኃው ይደፈርሳል፤ የፀሐይ ብርሃን ወደ ታች አይደርስም፤ ትንንሽ ሸርጣኖች የሚሸሸጉበት የውኃ ሣር ይሞታል። አልጌውም በተራው ሞቶ ወደ ወለሉ ሲሰጥም ባክቴሪያዎች ያበሰብሱታል፤ ሲያበሰብሱም በጥልቁ ውኃ ውስጥ ያለውን ኦክሲጂን ይጨርሱታል። በየዓመቱ ሙቀቱ ሲበረታ የባሕረ ሰላጤው መካከለኛ ጥልቅ ክፍል ሕይወት የማይኖርበት ይሆናል።

ሸርጣን ለመኖር በአንድ ሊትር ውኃ ሦስት ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጂን ያስፈልጋታል። ከዚያ ሲያንስ መሸሽ የቻለችው ጥልቀት ወደሌለው ዳርቻ ትሸሻለች። በሽቦ ወጥመድ ውስጥ ያለችው ግን ወዴት ትሸሻለች? አጥማጁ ጠዋት ወጥመዱን ሲያነሣ ሙት ሸርጣን ያገኛል። አጥማጆቹ ይህን ሲያዩ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ አይሉም፤ "መጥፎ ውኃ" ብለው ወጥመዳቸውን ወደሌላ ቦታ ይወስዳሉ። ምስክርነቷን ለመስማት ላቦራቶሪ አላስፈለጋቸውም።

ክልሎቹና የፌዴራሉ መንግሥት ባሕረ ሰላጤውን ለማዳን የመጀመሪያውን ስምምነት የፈረሙት በ1983 ነው። በ2010 ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ እያንዳንዱ ክልል ሊለቅ የሚችለውን ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ደለል ወሰነ፤ እስከ 2025 እንዲፈጸም ታቅዶ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ አልደረሱበትም። የከተማ ፍሳሽ ማጣሪያዎች ብዙ ተሻሽለዋል። አስቸጋሪ የሆነው እርሻውና ከአስፋልቱ የሚወርደው ጎርፍ ነው።

ገበታው ላይ

በሜሪላንድ ሸርጣን የሚበላው በጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ወይም ወፍራም ወረቀት ተነጥፎ፣ በእንጨት መዶሻ እየተቀጠቀጠ ነው። ከላይ የሚነሰነሰው ቀይ ቅመም ኦልድ ቤይ ይባላል። ቅመሙን የፈለሰፉት ጉስታቭ ብሩን የናዚን ስደት ሸሽተው ከጀርመን ወደ ባልቲሞር የመጡ አይሁዳዊ ነበሩ፤ ከአገራቸው ይዘው ከወጡት ንብረት አንዱ በእጅ የሚዞር የቅመም መፍጫ ነው ይባላል። በሻንጣዋ በርበሬና ሽሮ ይዛ የተሰደደች ኢትዮጵያዊት ይህን ስትሰማ ፈገግ ማለቷ አይቀርም።

እኛ ግን ከዚህ ገበታ ጋር ገና አልተላመድንም። አንዳንዱ ወገን ዘሌዋውያን 11ን ያነሣል፤ ሌላው የሐዋርያት ሥራ 10ን ጠቅሶ ይመልስለታል። ባለቤቴ ቀምሷል፤ እኔ አልቀመስኩም፤ የእኔ የሃይማኖት ሳይሆን የአንጀት ጉዳይ ነው። አንድ ነገር ግን ልበል። "ሸርጣን የተከለከለችው ቆሻሻ ስለምትበላ፣ መርዝ ስለምትሰበስብ ነው" ብለው የሚያስተምሩ አሉ። የዘሌዋውያን ጽሑፍ ክንፍና ቅርፊት የለውም ይላል እንጂ እንዲህ ያለ ምክንያት አይሰጥም። ቼሳፒክ ላይም መርዙን ያመጣችው ሸርጣኗ አይደለችም።

የሚያሳስበኝ በችግር ወይም በመዝናናት ከከተማ ዳር አጥምደው ልጆቻቸውን የሚያበሉት ቤተ ሰቦች ጉዳይ ነው። ባልቲሞርን ጎበኘን። ወደቡ አሁን ለዐይን ያማረ ነው፤ ከ2014 ጀምሮ በወንዙ አፍ ላይ በውኃና በፀሐይ ኃይል እየዞረ ቆሻሻ የሚለቅም፣ ትልልቅ የቀልድ ዐይኖች የተለጠፉበት መንኮራኩር ስላለ ልጆች ከአጠገቡ አይጠፉም። ከወደቡ ወጣ ብሎ በስፓሮውስ ፖይንት ግን ከመቶ ዓመት በላይ የሠራና በ2012 የተዘጋ ግዙፍ የብረት ፋብሪካ ነበር። መንኮራኩሩ የሚለቅመው ተንሳፋፊውን ብቻ ነው። ከሥር ባለው ደለል ውስጥ ከባድ ብረቶችና ፒሲቢ የተባሉት ኬሚካሎች አሉ፤ የፒሲቢ ምርት በአሜሪካ ከቆመ ከ1979 ወዲህ ይህን ያህል ዘመን አልፎም አልጠፉም።

በዚህ ምክንያት የሜሪላንድ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ከየትኛው ውኃ የተያዘ ዓሣና ሸርጣን በወር ስንት ጊዜ መበላት እንዳለበት መመሪያ ያወጣል። ሰናፍጩን በሚመለከት ማስጠንቀቂያው ጠንከር ያለ ነው፤ በተለይም ከባልቲሞር ወደብ ለተያዘ። ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ለሕፃናት ልኩ ከሌላው ያነሰ ነው። ችግሩ ደግሞ ብዙ ሰው ጣዕሙ ያለው ሰናፍጩ ላይ ነው ብሎ ማሰቡ ነው፤ በዳቦ ጠርገው የሚበሉት አሉ። ሸርጣን ለሚበሉ ወገኖች የምለው አጭር ነው። ከፍታችሁ ቢጫውን ክፍል አውጥታችሁ ጣሉ፤ የቀቀላችሁበትን ውኃ ለመረቅ አታስቀሩ፤ ከማጥመዳችሁ በፊት የቦታውን መመሪያ ጠይቁ። ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ለእማማና ለአባባ ያንብብላቸው።

እኅታችን ይህን ስነግራት ስልኳን አንሥታ ለአንዲት የቤተ ክርስቲያናቸው እናት ደወለች። እናትየው ባለቤታቸው በየሳምንቱ ከወደቡ ዳር የሚያመጣውን ነፍሰ ጡር ለሆነችው ልጃቸው ይሠሩላት ነበር። በመጀመሪያ አላመኑም፤ "እኔ እኮ በሕይወት ያለችውን፣ የምትንቀሳቀሰውን ነው የማበስለው!" አሉ። አነጋገራቸው የብዙዎቻችን አስተሳሰብ ነው። የተበላሸ ምግብ በሽታው ይታወቃል፤ ይህ ግን ሽታም ጣዕምም የለውም። እሳትም አያጠፋውም። ከብዙ ማብራሪያ በኋላ "እሺ፣ ቢያንስ እስክትወልድ ከሱቅ እንገዛለን" ብለው ተስማሙ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አቃቂ

ያረፍንበት ቤት አጠገብ ስላይጎ ክሪክ የተባለ ትንሽ ጅረት አለ። ጠዋት ጠዋት በዳሩ እንራመድ ነበር። ይህ ጅረት ወደ አናኮስቲያ ይገባል፤ አናኮስቲያ ወደ ፖቶማክ፤ ፖቶማክ ወደ ቼሳፒክ። በየመንገዱ ጠርዝ የሚታዩት የጎርፍ መውረጃ ቀዳዳዎች ወደ ማጣሪያ አይሄዱም፤ በቀጥታ ወደ ጅረቱ ነው። ግቢ ውስጥ የተቀየረ የመኪና ዘይት፣ ለሣሩ ተብሎ ከልኩ በላይ የተበተነ ማዳበሪያ፣ ከድስት የተደፋ ዘይት፣ ሁሉም መንገዱን ያውቃል።

የእኛው አቃቂ ደግሞ ባሕር አይደርስም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን ፍሳሽ፣ የቆዳና የሌሎችን ፋብሪካዎች እጣቢ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ አዋሽም በአፋር ምድር ሐይቆች ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ወንዝና ባሕር ተገናኝተው ሸርጣን የምትመሰክርበት ሥፍራ የለንም። በደጋ ጅረቶቻችን የምትገኝ የጣፋጭ ውኃ ሸርጣን ብትኖርም ስለ አቃቂ በብዛት የተመረመሩት በዳሩ የሚበቅሉት ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ናቸው፤ በእነርሱም ውስጥ ከባድ ብረቶች ተገኝተዋል። እዚያ ሸርጣኗ የያዘችውን ሥራ እዚህ ጎመኑ ይዞታል፤ ጎመኑ ደግሞ ከገበያ በቀጥታ ወደ ማዕዳችን ይመጣል።

የሸርጣኗን ቁጥር በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ከ1990 ጀምሮ በየዓመቱ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት፣ ሸርጣኖቹ በጭቃ ውስጥ ተኝተው ሳሉ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ጀልባዎች 1,500 በሚያህሉ ቦታዎች ወለሉን በመጥረጊያ መረብ እየቧጠጡ ይቆጥራሉ። በ2022 የተገመተው 227 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር፤ ቆጠራው ከተጀመረ ወዲህ ዝቅተኛው። በ2025 ደግሞ 238 ሚሊዮን፤ ከዝቅተኛው ሁለተኛ። ይህ ሁሉ በብክለት የመጣ ነው ብሎ መናገር ግን አይቻልም። በ1970ዎቹ ለስፖርት ማጥመጃ ተብሎ ወደ ቨርጂኒያ ወንዞች የተለቀቀው ሰማያዊ ካትፊሽ የተባለው ዓሣ አሁን በዝቶ ትንንሽ ሸርጣኖችን ይበላል፤ የአየሩም ጠባይ፣ የውኃ ሣሩም መመናመን አለበት። ሊቃውንቱ ራሳቸው እየተከራከሩበት ነው።

የአስተናጋጆቻችን የአሥር ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ፣ "ታዲያ የቆጠሯቸውን መልሰው ይቀብሯቸዋል?" ብሎ አባቱን ጠየቀ። አባቱም ለክቶ፣ ወንድና ሴቷን ለይቶ ወደ ውኃው የሚመልሳቸው ሰው እንዳለ ነገረው። ውጤቱ ብዙውን ጊዜ በግንቦት ወር ይወጣል፤ ልጁም ሲወጣ በስልክ እንደሚነግረኝ ቃል ገብቶልኛል።